አተላ አድርቆ ለከብት መኖ ማዋል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰበታ፣ በደብረ ብርሃን፣ በቢሾፍቱም ሆነ በአርሲ ነገሌ ላም የሚያልቡ፣ በሬ የሚያደልቡ፣ ጠላ የሚጠምቁና አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ስለ አተላ የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። አብዛኛው የሚጀምረው "እንዴት ላድርቀው?" በሚል ነው። እኛ ደግሞ ቀድመን የምንጠይቀው "ለምን ታደርቁታላችሁ?" ብለን ነው። ማድረቅ የሚያዋጣበት ጊዜና ቦታ አለ፤ የማያዋጣበት ግን ይበልጣል። ወተት ለሚያልበውም፣ በሬ ለሚያደልበውም፣ አተላ ለሚሸጠውም የሚሆነውን አንድ ላይ ስላስቀመጥነው፣ የማይመለከታችሁን እየዘለላችሁ አንብቡ።

አተላ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። የቢራ ፋብሪካ አተላ ጭማቂው ገና ሳይፈላና ሳይብላላ ተጣርቶ የሚቀር የገብስ ብቅል ነው። አልኮል የለበትም፣ ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባም ገና አልገባበትም። ያልተሟጠጠ ስኳር ስለሚቀርበት ከብት ይወደዋል፤ ቶሎ የሚኮመጥጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ እርጥብ አተላ ይወጣል። ፋብሪካዎች በየቀኑ ከግቢያቸው ማስወጣት ያለባቸውም ለዚህ ነው።

የጠላ አተላ ከጋኑ ግርጌ የሚቀረው ነው። እርሾው፣ ጌሾውና ጥቂት አልኮልም አብሮት አለ። ስትገዙ ቅራሪ ወጥቶለት እንደሆነ ጠይቁ። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ቅራሪ የወጣለት አተላ ቀጠን ይላል፣ ጉልበት የሚሰጠውም ነገር ይቀንሳል። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ እኩል ነው።

የአረቄ አተላ ድፍድፉ ተቀቅሎ አልኮሉ በእንፋሎት ከወጣለት በኋላ በማሰሮው ወይም በበርሜሉ የሚቀረው ነው። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሲወጣም ትኩስ ስለሆነ ሳይበርድ ለከብት አይሰጥም።

ፊንጫና መተሐራን በመሳሰሉ የስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ (ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) አልኮል ሲወጣ የሚቀረው ዝቃጭ እህል የለበትም። ከዚህ በታች የምንለው አንዱም እሱን አይመለከትም።

አንድ ኩንታል አተላ ሲደርቅ ስንት ኪሎ ይቀራል?

የቢራ አተላ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። መሐሉን ወስደን 78 በመቶ ብንል፣ ከኩንታሉ ውስጥ 22 ኪሎ ብቻ ጠጣር ነው። 10 በመቶ እርጥበት እስኪቀረው ሲደርቅ 24 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ቀሪው 75 ኪሎ ተኩል ውሃ በንኖ መሄድ አለበት።

የጠላና የአረቄ አተላ ከዚህም ይቀጥናል። ውሃው 88 በመቶ ከደረሰ ከኩንታሉ የምታገኙት ደረቅ መኖ 13 ኪሎ ብቻ ነው። "ኩንታል አተላ አድርቄ አንድ ማዳበሪያ እንኳ አልሞላልኝም" የሚል ሰው አልተሰረቀም፤ የከፈለው ለውሃ ነው።

ታዲያ ማድረቁ ያዋጣኛል?

ፋብሪካው ወይም የጠማቂዋ ቤት በጋሪ ወይም በባጃጅ የሚደረስ ከሆነ፣ ያመጣችሁትንም ከብቶቻችሁ በሁለት በሦስት ቀን የሚጨርሱት ከሆነ አያዋጣም። እርጥቡን አብሉ። ላም በቀን ብዙ ውሃ መጠጣቷ አይቀርም፤ በአተላው ውስጥ ያለው ውሃ የሚጎዳት ነገር የለም። ደክማችሁ አድርቃችሁ ስታበቁ መልሳችሁ በውሃ እያራሳችሁ የምትሰጡት ከሆነማ ድካሙ ለምን አስፈለገ?

ማድረቅ ትርጉም የሚኖረው አተላው በአንድ ጊዜ በብዛት ሲመጣ ነው። ለዚህ ደግሞ የእኛ አገር የቀን መቁጠሪያ ያግዛል። ገናና ጥምቀት፣ ከዚያም የጥር ሠርግ ሲከታተሉ መንደሩ በአተላ ይጥለቀለቃል፤ ወቅቱም ፀሐይ የሚጠነክርበት፣ ዝናብ የማይፈራበት ነው። ያን ጊዜ በርካሽ ወይም በነፃ ሰብስቦ አድርቆ ድርቆሽ ለሚወደድበት ለግንቦትና ለሰኔ ማቆየት ብልህነት ነው። ፋሲካ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የበልግ ዝናብ በሚጥልበት አካባቢ ሰማዩን አይታችሁ ካልዘረጋችሁ በስተቀር ቀን አድርቃችሁ ማታ ታርሱታላችሁ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚወጣውን ለማድረቅ ባትሞክሩ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ መኖው ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ነው። ከፋብሪካ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ አርቢ እርጥብ አተላ በአይሱዙ መጫን ከአራት እጅ ሦስቱን ውሃ ማመላለስ ነው። ሦስተኛው፣ ከበቆሎ፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ (የዘይት እህል ተጨምቆ ከሚቀረው) ጋር ተፈጭቶ የተመጣጠነ መኖ ሊቀነባበር ሲፈለግ ነው፤ እርጥብ ነገር ከዚህ ድብልቅ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ያሻግታል።

ከእነዚህ በአንዱ ካልተገደዳችሁ፣ ከማድረቅ በፊት ስለ ክረምቱ ከታች የጻፍነውን የማፈን ዘዴ አንብቡ።

በፀሐይ ሳደርቅ ምን ያህል ቦታ ይበቃኛል? እንዴትስ ልዘርጋው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው። አተላ እንደ እህል በጋት ውፍረት ከተሰጣ ላዩ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ታፍኖ ይሞቃል፣ በማግሥቱ ስትገልጡት ይሸታችኋል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ይህም በካሬ ሜትር አሥር ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኩንታል አሥር ካሬ ሜትር ያስፈልጋችኋል።

በበጋ ደህና ፀሐይና ነፋስ ካለ ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ውሃ ይተናል ብላችሁ አስቡ። ከአሥሩ ኪሎ መውጣት ያለበት ሰባት ኪሎ ተኩል ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ አምስት ኩንታል የምትረከቡ ከሆነ፣ የዛሬው ሳይነሣ የነገና የተነገ ወዲያው ስለሚመጣ 150 ካሬ ሜትር የማድረቂያ ቦታ ሊኖራችሁ ይገባል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ከፋብሪካ ጋር ውል የገቡ ሰዎች በሁለተኛው ቀን የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

ባዶ መሬት ላይ አትዘርጉ። አፈር፣ ጠጠርና ሻጋታ አብሮ ይታፈሳል፤ ውሃውም ከሥር መውጫ ያጣል። ሸራ ወይም ጥቁር ላስቲክ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቡና የሚደርቅበት ዓይነት ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጥልፍልፍ ሽቦና በመረብ የተሠራ አልጋ ነው። ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚነካው ሥራው ይፈጥናል፤ ዶሮና ፍየልም በቀላሉ አይደርሱበትም።

መጀመሪያው ቀን ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ በሬክ ወይም በመጥረጊያ አገላብጡት። እርጥቡ አተላ ጓል እየሠራ ይያያዛል። ጓሉን በእጃችሁ ፈርፍሩት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከውስጡ ነው። ከቀትር በኋላ ቀለሙ ከጥቁር ቡናማ ወደ ገለባ መልክ ሲሸሽ፣ በእጅ ሲነካም መጣበቁን ሲያቆም መንገድ ይዟል ማለት ነው። ማታ ወደ አንድ ጥግ ሰብስባችሁ በሸራ ሸፍኑት። ጤዛው ቀን የደረቀውን ይመልሰዋል፤ በደጋው ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ክምሩ ግን ትንሽ ይሁን፤ ገና ያልደረቀ አተላ በትልቁ ተከምሮ ካደረ በራሱ ይግላል።

ውሃውን አስቀድሜ ብጨምቀውስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከፀሐይ በፊት መሞከር ያለበትም እሱ ነው። አተላውን በጆንያ አድርጋችሁ ከላዩ ድንጋይ ብትጭኑበት ወይም በመጭመቂያ ብታልፉት፣ ያለ ማገዶና ያለ ፀሐይ ብዙ ውሃ ታወጣላችሁ። 78 በመቶ ውሃ የነበረው የቢራ አተላ ወደ 65 በመቶ ቢወርድ፣ ኩንታሉ 63 ኪሎ ይሆናል። 37 ኪሎ ውሃ በአንድ ጊዜ ተገላገላችሁ፤ በአልጋው ላይ ያለው ሥራ በግማሽ ቀረ።

የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ግን ወደ ቦይ አትልቀቁት። ውስጡ ስኳርና ፕሮቲን አለ፤ በዕለቱ ለከብቶቹ አጠጡት ወይም ጭድ አርሱበት። ካደረ ይበላሻል፣ ወንዝ ከገባም ውሃውን ያበላሻል።

በማገዶ ወይም በምጣድ ባደርቀውስ?

አታድርጉት። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ከ2.3 እስከ 2.6 ሜጋጁል ሙቀት ይፈልጋል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ክፍት ምድጃ ላይ ግን ሥራ ላይ የሚውለው ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው። ስታሰሉት ከአንድ ኩንታል አተላ 24 ኪሎ ተኩል መኖ ለማግኘት 65 ኪሎ እንጨት ታነዳላችሁ። እንጨቱን ብትሸጡት የሚሻል ፉርሽካ ትገዙበታላችሁ።

ምጣዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አተላውን ያሳርረዋል። በጣም የጠቆረና የተቃጠለ ስኳር የሚሸት አተላ ፕሮቲኑ ከስኳሩ ጋር ተሳስሮ ስለሚቀር ከብቱ ሳይፈጨው በእበቱ ያወጣዋል። መጠነኛ ሙቀት ግን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የፕሮቲኑ ከፊል በትልቁ ጨጓራ ሳይፈርስ አልፎ አንጀት ላይ እንዲፈጭ ያግዛል፤ ይህ ብዙ ለምትታለብ ላም ጥቅም ነው። ወርቃማ ቡናማ መልክ ይዞ የብስኩት ሽታ ያለው ጥሩ ነው።

አሜሪካኖቹ በሚሊዮን ቶን ያደርቁት የለም እንዴ?

ያደርቃሉ። በአይዋና በነብራስካ በቆሎውን ወደ ኢታኖል የሚለውጡ ፋብሪካዎች አሉ። ከበቆሎው ክብደት በግምት ሲሶው ኢታኖል፣ ሲሶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲሶው ደረቅ መኖ ይሆናል። ስታርቹ ወደ አልኮል ስለሄደ የቀረው ፕሮቲን ከ27 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። መጀመሪያ ውሃውን በሚሽከረከር ማሽን ይለያሉ፤ ከዚያ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ ግዙፍ ከበሮ ውስጥ ያሳልፉታል።

ነገር ግን ያን ሁሉ ጋዝ ይዘው እንኳ፣ የከብት ማድለቢያ ቅርባቸው ያለ ፋብሪካዎች ብዙውን እርጥቡን ይሸጣሉ። ነዳጁን ለመቆጠብ ነው። በስኮትላንድም የውስኪ ጠማቂዎች ጎረቤት ያለው ገበሬ ትራክተሩን ይዞ እርጥቡን ይወስዳል። እኛ ዘንድ ሁለት ላም ያለው ሰው ማድረቂያ ማሽን ስለማስመጣት ሲጠይቀን ይህን እንነግረዋለን።

ክረምት ላይ የሚመጣውን ምን ላድርገው?

አፍናችሁ አስቀምጡት። ሲሌጅ የሚባለው ነው። አየር ካላገኘ ሻጋታ አያድግበትም፤ ራሱ ኮምጥጦ ራሱን ይጠብቃል።

ችግሩ የቢራ አተላ ለብቻው ሲታፈን ውሃው ከሥር እየፈሰሰ መሄዱ ነው። ሦስት እጅ አተላ ላይ አንድ እጅ የተከተፈ ጭድ ወይም ፉርሽካ ብትቀላቅሉ እርጥበቱ ወደ 61 በመቶ ይወርዳል፤ ለማፈን የሚመቸውም ይህ ነው። ከፉርሽካ ጋር የታፈነው ይበልጥ ያበላል፣ ከጭድ ጋር የታፈነው ይረክሳል። ሞላሰስ ካገኛችሁ ጥቂት ጨምሩ፤ የቢራ አተላ የራሱ ስኳር ስላለው ግን የግድ አይደለም።

ክዳን ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ለትንሽ አርቢ ይበቃል። በየአንድ ጋት እየሞላችሁ በእግር ርገጡት፤ አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ ይሻግታል። እስከ አፉ ሞልታችሁ ላስቲክ አልብሱት፣ ከላዩ ድንጋይ ጫኑ። በርሜል ከሌለ ድርብ ላስቲክ ከረጢት በማዳበሪያ ውስጥ አድርጋችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ዋናው ጠላት አይጥ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከረጢቱን ሙሉ ታበላሻለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፈቱት። በደንብ የታፈነ አተላ እንደ ሊጥ እርሾ የሚኮመጥጥ ጥሩ ሽታ አለው። የበሰበሰ ነገር ከሸተታችሁ ግን ከላይ ያለውን ጥላችሁ ሥሩን መርምሩ። ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከላዩ እየገፈፋችሁ አብሉ፤ ከመሐል ቆፍራችሁ አታውጡ።

መድረቁን በምን አውቃለሁ?

በእጅ ጨብጣችሁ ስትለቁት ካልተያያዘና ከተበተነ ቀርቧል፤ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ለማቆየት የሚፈለገው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው።

በቤት የሚሠራ ፈተና አለ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሩብ ያህሉን በአተላው ሙሉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሩበት። ክዳኑን ግጠሙና ለአንድ ደቂቃ ናጡት፣ ከዚያ ለሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ መልሱት ወደ ፀሐይ። ካልተጣበቀ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል፤ ወደ 12 መድረሱን ግን ይህ ፈተና አይነግራችሁም። ጨው ራሱ የረጠበ ከሆነ ፈተናው ያታልላችኋልና አስቀድማችሁ በምጣድ አሙቁት።

ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ አንድ ኪሎ እርጥብ አተላ ለብቻ ሰጥቶ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እየመዘነ የጭነቱን የውሃ መጠን ማወቅ ይችላል።

የደረቀው ስንት ጊዜ ይቆያል?

በእውነት ከደረቀና ዝናብ ካልነካው ከወቅት ወቅት ያሻግራችኋል። ሙቀቱ ሳይወጣ ግን በከረጢት አታስሩት፤ ጥላ ሥር ይብረድ። በወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩት፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አርቁት። ጣሪያ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ያለ ከረጢት አንድ ጊዜ ከረጠበ አብሮ የተደረደረውንም ይዞ ይጠፋል።

እርጥቡ ግን በቆላ ሁለት ቀን፣ በደጋ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቢቆይ ነው።

ትንሽ ብቻ ሻጋታ ቢኖረው ጉዳት አለው? ሻጋታውን ገፍፌ ባበላውስ?

ይህን ጥያቄ ማንም ሲጠይቀን መልሳችን አይለዋወጥም፤ ጣሉት። ሻጋታው የሚታየው ላዩ ላይ ቢሆንም መርዙ ዘልቆ ይገባል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከሁሉ የከፋው አፍላቶክሲን የሚባለው ነው። በማፍላትም በማድረቅም አይጠፋም። ላሟ በበላችው በቀኑ ውስጥ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ የተበከለውን መኖ ስታቆሙ ግን በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ይቀንሳል።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት ይህን መርዝ በመረመራቸው የወተት ናሙናዎች ሁሉ ላይ አግኝቷል፤ ዋናው ምንጭ ተብሎ የተጠቆመውም የኑግ ፋጉሎ ነው። አተላ እዚያ ታሪክ ውስጥ ዋናው ተከሳሽ አይደለም። ቢሆንም ነጻ አይወጣም፤ ምክንያቱ ደግሞ ከጥሬ እህሉ ይጀምራል። "ለመብል አይሆንም፣ ለጠላ ይሆናል" ተብሎ የሚገዛ የሻገተ በቆሎ አለ። አልኮሉ ሲወጣ ስታርቹ ይሄዳል፣ መርዙ ግን በቀረው ጥቂት ጠጣር ውስጥ ይጠራቀማል። በአሜሪካ የበቆሎ ፋብሪካዎች በደረቁ መኖ ላይ የሚገኘው መርዝ ከጥሬው እህል ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ስለዚህ አተላ የምትገዙላትን ጠማቂ ምን ዓይነት እህል እንደምትጠቀም ጠይቋት፤ ጥያቄው ነውር የለውም፤ ጠላውን የሚጠጣው ሰውም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ለላም በቀን ስንት ልስጥ?

ብዙ ለምትታለብ የተዳቀለች ላም እርጥብ የቢራ አተላ ከ10 እስከ 15 ኪሎ፣ በጠዋትና በማታ ተከፍሎ። ደረቁ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ኪሎ። ለሐበሻ ላም ግማሹ ይበቃታል። ለምዳ ለማታውቅ ላም ከአንድ ኪሎ እርጥብ ጀምራችሁ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ አሳድጉት።

አተላ ድርቆሽና ጭድን አይተካም። ረጅም ቃጫ ያለው ነገር ካልበላች አታመሰኳም፣ ካላመሰኳች ቅቤው ይቀንሳል። አተላ ፎስፈረስ አለው፣ ካልሲየም ግን ያንሰዋል፤ ለምትታለብ ላም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ካልሲየም ያለው የማዕድን ድብልቅ ከጨው ጋር አክሉበት። ወተት የሚጠባ ጥጃ ሦስት ወር ሳይሞላው አተላ አይቅመስ።

ወተቱ አተላ አተላ ሸተተብኝ።

ከማለባችሁ በፊት አብልታችኋት ይሆናል። ካለባችሁ በኋላ ስጧት። ጋጣው ውስጥም ባልዲ ሙሉ የኮመጠጠ አተላ ከፍታችሁ አታስቀምጡ፤ ወተት ሽታ ይስባል።

ላሜ አተላ በልታ ተንገዳገደች፤ ሰክራ ነው?

የጠላ አተላ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። በጋኑ ግርጌ የቀረው አልኮል አብሮ ስለሚበላ በባዶ ሆዷ ብዙ የወሰደች ላም ወይም በሬ ይሰክራል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ አልኮሉን ስለሚያስወግድ በዚህ ረገድ ደረቁ ይሻላል። እርጥቡን የምትሰጡ ከሆነ ከድርቆሽ በኋላ ስጡ፣ ከውሃም ደባልቁት። ላሟ ወድቃ መነሳት ካቃታት ወይም ሆዷ ከተነፋ ግን "ስካር ነው፣ ይለቃታል" ብላችሁ አትጠብቁ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ለበግና ለፍየል ይሆናል?

ይሆናል። ደረቅ አተላ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ከድርቆሽ ጋር ለሚደልብ በግ ጥሩ ድጋፍ ነው፤ ለበዓል የሚደልቡ በጎች ከተያዙበት መኖ ውስጥ በርካሽነት የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

በጎች ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መዳብ። በግ ከሌሎች እንስሳት በላይ በመዳብ ይመረዛል። በስኮትላንድ የውስኪ ማውጫ ድስቶች ራሳቸው ከመዳብ ስለሚሠሩ ከድስቱ የሚቀረው ዝቃጭ ለበግ ያሰጋል። በእኛ አገር አረቄ ማውጫ ውስጥ መዳብ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ላይ ነው፤ በቱቦው የሚያልፈው ደግሞ እንፋሎቱ ስለሆነ አተላው በማሰሮው ወይም በበርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከሸክላ ወይም ከብረት የወጣ አተላ በዚህ አይጠረጠርም። መቀቀያው ራሱ መዳብ ከሆነ ግን ለበሬ ስጡት፣ ለበግ ተዉት።

ለዶሮስ?

ደርቆና ተፈጭቶ፣ ከጠቅላላ መኖው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ። ገለባው ስለሚበዛ ከዚያ በላይ ሲሆን ዶሮዋ ሆዷ ይሞላል፣ እንቁላሉ ይቀንሳል። እርጥቡን አትስጡ።

ፋጉሎን ሙሉ በሙሉ ይተካልኛል?

ሙሉ በሙሉ አይሆንም፤ ከፊሉን ግን ይተካል። የቢራ አተላ ከደረቅ ክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከፉርሽካ ይበልጣል፣ ከኑግ ፋጉሎ ያንሳል። ፋጉሎ ሲወደድ ግማሹን በአተላ መተካት ብዙ አርቢዎች የሚያደርጉት ነው፤ ወተቱን በየቀኑ እየለካችሁ ተከታተሉት።

ዋጋውን ከሌላ መኖ ጋር እንዴት ላወዳድር?

በኪሎ ዋጋ አታወዳድሩ። በደረቅ ጠጣሩ አስሉ። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ይሁንና፣ እርጥብ የቢራ አተላ በኩንታል 400 ብር ቢሆን፣ ጠጣሩ 22 ኪሎ ስለሆነ ኪሎው 18 ብር ገደማ ይመጣል። ፉርሽካ በኪሎ 30 ብር ቢሆን፣ እሱም 12 በመቶ ያህል እርጥበት ስላለው የጠጣሩ ኪሎ 34 ብር ይሆናል። አተላው ፕሮቲኑም ስለሚበልጥ ርቀቱ ካልበዛ ያሸንፋል።

አሁን ደግሞ ያው ኩንታል ውሃው 85 በመቶ የሆነ፣ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ጭነት ነው እንበል። ጠጣሩ 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ የኪሎው ዋጋ 27 ብር ሊጠጋ ነው። ትራንስፖርትና ማውረጃ ሲጨመርበት ከፉርሽካው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ስትገዙ እጃችሁን አስገብታችሁ ጨብጡት፤ በጣታችሁ መሐል ውሃ ከፈሰሰ ዋጋ ቀንሱ ወይም ሌላ ጭነት ጠብቁ። የትናንትናና የዛሬ አተላም አንድ አይደለም። ትኩሱ የብቅል ሽታ አለው፣ የሰነበተው አፍንጫ ይወጋል።

አድርቄ መሸጥ እፈልጋለሁ። ምን ያስፈልገኛል?

ለጎረቤት በጆንያ መስጠት ሌላ ነገር ነው። መኖ አቀነባብሮ በስም ለገበያ ማቅረብ ግን የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ አካባቢያችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ።

የአንድን ከብት አርቢ እምነት ለማግኘት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ከረጢቱ ላይ የደረቀበትን ቀንና ከምን እንደተሠራ መጻፍ ነው፤ "የቢራ"፣ "የጠላ" ወይም "የአረቄ" ብላችሁ ለዩት። በአንድ ከረጢት ውስጥ አትቀላቅሉ። ገዢው የሚሰጠውን መጠን የሚወስነው በዚያ ነው፤ የጌሾ ምሬት ያልለመዱ ከብቶች ደግሞ የጠላውን መጀመሪያ ላይ ይጠየፉታል፣ ገዢውም የተበላሸ ነው ብሎ ይመልስላችኋል።